ጎን ለጎን የማይሮጡ ባላንጣዎች፦ የመኪና ውስጥ ካሜራ የራሊን ፉክክር እንዴት ለወጠው?

የሲድኒ ኦሎምፒክን የ10,000 ሜትር ፍጻሜ አይታችሁት ይሆናል። ካላያችሁት ዛሬውኑ ፈልጉት። በ2000 ኃይሌ ገብረሥላሴና ኬንያዊው ፖል ቴርጋት የመጨረሻዎቹን ሜትሮች ትከሻ ለትከሻ ተናንቀው ጨረሱና ኃይሌ በ0.09 ሰከንድ ቀደመ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ልዩነቱን ለመለካት ሰዓት ያስፈልጋል፤ ፉክክሩን ለማየት ግን ዓይን ብቻ ይበቃል። ሁለቱም እዚያው ፊታችሁ ናቸው። አንዱ ሲያፈተልክ፣ ሌላው ሲያሳድድ፣ ማን እንደደከመ፣ ማን ጉልበት እንደተረፈው ሁሉም ይታያል።

እስኪ አሁን ሩጫውን በሐሳባችሁ እንዲህ ለውጡት። ኃይሌ ብቻውን ይነሳ። ከደቂቃዎች በኋላ ቴርጋት ብቻውን ይነሳ። መሮጫው ስታዲየም ሳይሆን በጫካና በገደል መሃል የሚጠማዘዝ ኮረኮንች ይሁን። እናንተ ደግሞ አንዲት ኩርባ ላይ ቆማችሁ እያንዳንዳቸውን ለአምስት ሰከንድ ያህል ብቻ እዩዋቸው። ማታ ላይ አንድ ሰው መጥቶ «ኃይሌ በ0.09 ሰከንድ በልጧል» ቢላችሁ ምን ትላላችሁ? ማን እንዳሸነፈ አወቃችሁ። እንዴት እንዳሸነፈ ግን ምንም አላያችሁም።

የመኪና ራሊ ማለት ይሄ ነው። መንገዱ ለትራፊክ ይዘጋል፤ «ስቴጅ» በሚባሉ ክፍሎች ይከፋፈላል፤ እያንዳንዱ ሹፌር በተራው ተነስቶ ብቻውን ከሰዓት ጋር ይሽቀዳደማል። የሁሉም ስቴጅ ሰዓት ይደመርና ትንሹ ድምር ያለው ያሸንፋል። የራሊ ታላላቅ ባላንጣዎች ለዓመታት ሲፎካከሩ ኖረው በውድድሩ መንገድ ላይ ጎን ለጎን ተያይተው አያውቁም ማለት ይቻላል።

ታዲያ ደጋፊዎች «እገሌ ከእገሌ ይበልጣል» እያሉ የሚከራከሩት በምን ማስረጃ ነው? ለዚህ ጥያቄ መልስ ስንፈልግ መኪናው ውስጥ ወደተገጠመች አንዲት ትንሽ ካሜራ ታሪክ እንመጣለን። ካሜራዋ ብዙ ክርክር ዘግታለች። የማትዘጋውም ክርክር ግን አለ። የትኛውን እንደምትዘጋና የትኛውን እንደማትዘጋ መለየት ለራሊ ብቻ ሳይሆን ለማንኛውም የታሪክ ማስረጃ የሚጠቅም ችሎታ ነው።

ከካሜራ በፊት፦ ሰዓት፣ ወረቀትና ወሬ

ከራሊ ሹፌር ጎን ሁልጊዜ አንድ ሰው ይቀመጣል። ረዳት አሽከርካሪ ይባላል። ረዳት ሲባል ግን የታክሲ ረዳት እንዳይመስላችሁ። ከውድድሩ በፊት ሁለቱ መንገዱን በዝግታ እየነዱ ያጠኑታል፤ እያንዳንዱን ኩርባ፣ ዳገትና ድልድይ በአጭር ምልክት ይመዘግባሉ። በውድድሩ ሰዓት ረዳቱ ማስታወሻውን እያነበበ ይናገራል፤ ሹፌሩ ደግሞ ዓይኑ ገና ያልደረሰበትን ኩርባ በጆሮው «ያየዋል»።

የዚህ ዘዴ ዝነኛ ምሳሌ የመጣው ከራሊ ሳይሆን ሚሌ ሚልያ ከሚባለው የጣሊያን የመንገድ ሽቅድምድም ነው። ርዝመቱ 1,000 ማይል፣ ማለትም ወደ 1,600 ኪሎ ሜትር ነው። በ1955 እንግሊዛዊው ስተርሊንግ ሞስ ጋዜጠኛውን ዴኒስ ጄንኪንሰንን ከጎኑ አስቀምጦ ተወዳደረ። ጄንኪንሰን ማስታወሻውን የጻፈው ከ5 ሜትር በሚበልጥ ጥቅል ወረቀት ላይ ነበር፤ ወረቀቱን በትንሽ ሳጥን ውስጥ እያንከባለለ ያነብ ነበር። የሞተሩ ጩኸት አያሰማም፣ ስለዚህ ለሞስ የሚናገረው በእጅ ምልክት ነው። መንገዱን በ10 ሰዓት ከ7 ደቂቃ ከ48 ሰከንድ ጨርሰው አሸነፉ። በአማካይ በሰዓት ወደ 158 ኪሎ ሜትር መሆኑ ነው።

ከዚያ በኋላ ጄንኪንሰን ያየውን ሁሉ ለአንድ የመኪና ውድድር መጽሔት ጻፈው። ውጭ የቆመው ሕዝብ በቅጽበት የምታልፍ አንዲት ብርማ መርሴዲስ ብቻ ነበር ያየው። አንባቢው ግን ሞስ እንዴት ፍሬን እንደሚይዝ፣ የት እንደተሳሳተ፣ የት እንደደፈረ አወቀ። በአጭሩ የዚያን ቀን የመኪና ውስጥ ካሜራ ጄንኪንሰን ራሱ ነበር። ልብ በሉ ግን፤ ይህ ካሜራ የአሸናፊው ቡድን አባል ነው። የሌሎቹ ተወዳዳሪዎች መኪና ውስጥ ምን እንደተደረገ ሊነግረን አይችልም።

ሁለተኛው ምሳሌ ለእኛ ይቀርባል፤ ጎረቤት ኬንያ ነው። የምሥራቅ አፍሪካ ሳፋሪ ራሊ በ1953 ተጀመረ። በ1973 የዓለም የራሊ ሻምፒዮና ሲመሠረት ሳፋሪ ከመጀመሪያዎቹ ውድድሮች አንዱ ሆነ። በዚያው ዓመት ሼካር መህታና ስዊድናዊው ሃሪ ሼልስትሮም፣ ሁለቱም በዳትሰን መኪና፣ በሺህ የሚቆጠር ኪሎ ሜትር አቧራና ጭቃ አቋርጠው እኩል የቅጣት ነጥብ ይዘው ጨረሱ። እኩል! ያኔ ዳኞች የደንብ መጽሐፍ ገለጡ። ከመነሻው ጀምሮ ያለ ቅጣት ረጅሙን ርቀት የሄደው መህታ ስለነበር ድሉ ለእሱ ተሰጠ።

አሁን የሼልስትሮም ደጋፊ እንደሆናችሁ ቁጠሩ። በምን ትከራከራላችሁ? ሰዓቱ እኩል ብሏል፤ መጽሐፉ መህታን መርጧል፤ መንገድ ላይ የሆነውን ያዩት መኪናው ውስጥ የነበሩት ብቻ ናቸው። የቀረው ወሬ ነው። ወሬ ደግሞ እንደምታውቁት በተነገረ ቁጥር ይረዝማል።

ካሜራዋ መኪና ውስጥ ስትገባ

መጀመሪያ የነበረው ችግር ክብደት ነው። የድሮ የፊልም ካሜራ ትልቅ ነው፣ ይንቀጠቀጣል፣ ፊልሙም ቶሎ ያልቃል። ቀጥሎ የመጣው ችግር ምስሉን በቀጥታ ማስተላለፍ ነበር። በ1979 የአውስትራሊያ ቴሌቪዥን ባለሙያዎች በባትኸርስት ውድድር በአንዲት ቶዮታ ሴሊካ ውስጥ ካሜራ ገጥመው ምስሉን በቀጥታ ለተመልካች አሳዩ። መኪናዋ የምትልከውን ሞገድ ከላይ የሚዞር ሄሊኮፕተር ይቀበልና ወደ ታች ያስተላልፈው ነበር።

ይህ ዘዴ ለራሊ ቶሎ ያልደረሰው ለምን ይመስላችኋል? ምስል የሚሸከመው አጭር የሬዲዮ ሞገድ በላኪውና በተቀባዩ መካከል ተራራ ወይም ጥቅጥቅ ያለ ጫካ ሲገባበት ይቆረጣል። የባትኸርስት መሮጫ ዙሩ ከ6 ኪሎ ሜትር ትንሽ ይበልጣል፤ መኪኖቹ ሁሉ በአንድ ቦታ ይዞራሉ። የራሊ ስቴጅ ግን በሸለቆና በጫካ ውስጥ ብዙ ኪሎ ሜትር ይሄዳል፣ ነገ ደግሞ ሌላ ተራራ ላይ ነው። ስለዚህ በራሊ የመኪና ውስጥ ካሜራ ለረጅም ጊዜ ቀጥታ የሚታይ ሳይሆን ተቀርጾ በኋላ የሚታይ መዝገብ ሆኖ ቆየ።

ያ መዝገብ ግን ደጋፊውን አስደነገጠ። በ1980 እና በ1982 የዓለም ሻምፒዮን የነበረው ጀርመናዊው ዋልተር ሮርል አውዲ ሲነዳ እግሮቹን ብቻ የሚያሳይ ዝነኛ ፊልም አለ። እግሮቹ ፔዳሎቹ ላይ የሚጨፍሩ ነው የሚመስሉት። ቀኝ እግሩ ነዳጅ እየሰጠ ግራ እግሩ በዚያው ቅጽበት ፍሬን ይረግጣል። እናንተ መንጃ ፈቃድ ልትማሩ ብትሄዱ አስተማሪው «ግራ እግርህን ከፍሬን አንሳ!» ብሎ ይጮህባችኋል። ታዲያ ሻምፒዮኑ ለምን እንዲህ ያደርጋል?

ምክንያቱ ፊዚክስ ነው። ፍሬን ሲያዝ የመኪናው ክብደት ወደ ፊት ጎማዎች ይጫናል፤ የፊት ጎማ መሬቱን ይነክሳል፣ የኋላው ይቀልላል፤ መኪናው ወደ ኩርባው መዞር ይቀለዋል። በሌላ በኩል የዚያ ዘመን ቱርቦ ሞተር ነዳጁን ከለቀቁት ይተኛል፣ እንደገና እስኪነቃ ጊዜ ይፈጃል። ስለዚህ በግራ እግር ፍሬን፣ በቀኝ እግር ነዳጅ፤ መኪናው ሲዞር ሞተሩ አይተኛም። ይህን ከመንገድ ዳር የቆመ ሰው በምንም ዓይነት ሊያየው አይችልም። ሰዓቱ «ሮርል ፈጠነ» ይላል፤ ለምን እንደፈጠነ የተናገረችው ካሜራዋ ናት።

በ1988 ደግሞ የ1981 የራሊ ሻምፒዮን የነበረው ፊንላንዳዊው አሪ ቫታነን አሜሪካ ኮሎራዶ ውስጥ ፓይክስ ፒክ የተባለውን ተራራ በፔጆ 405 ወጣው። ያኔ መንገዱ ጠጠር ነበር፤ ጫፉ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 4,300 ሜትር ይደርሳል። ሰዓቱ 10 ደቂቃ ከ47.22 ሰከንድ፣ ለዚያ ተራራ አዲስ ክብረ ወሰን ነው። ሰው የሚያስታውሰው ግን ቁጥሩን አይደለም። በፈረንሳዊው ዣን ሉዊ ሙሬ ፊልም ላይ ዝቅ ያለችው ፀሐይ ድንገት ዓይኑን ስትወጋው ቫታነን በአንድ እጁ ፀሐይዋን ይከልላል፣ በሌላው እጁ መሪ ይዞ በገደሉ አፍ ላይ ይነዳል። ሰዓት እንዲህ ያለውን ነገር አይመዘግብም።

ካሜራ ያላየው አደጋ

ከ1982 እስከ 1986 «ግሩፕ ቢ» የሚባል የመኪና ምድብ ነበር። ደንቡ ልል ስለነበር ፋብሪካዎች ቀላልና እጅግ ኃይለኛ መኪና ሠሩ። ከዚያ ዘመን የተረፉ ፊልሞችን ስታዩ ከመኪናው ይልቅ ሕዝቡ ያስፈራችኋል። ተመልካቹ መንገዱን ሞልቶ ይቆምና መኪናው ሲደርስ ብቻ እንደ መጋረጃ ይከፈላል። ለደጋፊው የጀግንነት ጨዋታ ነበር። ከሹፌሩ ወንበር ሲታይ ግን በሰው የተሠራ ግድግዳ ነው።

በመጋቢት 1986 በፖርቱጋል ራሊ አንድ መኪና ሕዝብ መሃል ገብቶ ሦስት ሰዎች ሞቱ፣ ከሠላሳ በላይ ቆሰሉ። ሁለት ወር ሳይሞላ፣ ግንቦት 2 ቀን፣ በኮርሲካ ደሴት ፊንላንዳዊው ሄንሪ ቶይቮነንና ረዳቱ ሰርጂዮ ክሬስቶ ላንቺያቸው ከመንገድ ወጥታ ተቃጥላ ሞቱ። ቶይቮነን በዚያ ዓመት ለሻምፒዮንነት ከታጩት ቀዳሚው ነበር። አደጋውን ከቅርብ ያየ ሰው አልነበረም። ካሜራም አልነበረም። ከመኪናዋ የተረፈው የተቃጠለ የብረት አጽም ስለነበር ምክንያቱ በእርግጠኝነት ሊታወቅ አልቻለም። ግሩፕ ቢ ለ1987 ታገደ።

ክፍተት ባለበት ቦታ ደግሞ አፈ ታሪክ ይበቅላል። ቶይቮነን በፖርቱጋል ኢስቶሪል የፎርሙላ ዋን መሮጫ ላይ በራሊ መኪና ዞሮ ለፎርሙላ ዋን ውድድር የሚያሳልፍ ሰዓት አስመዘገበ የሚል ታሪክ በደጋፊዎች ዘንድ ዛሬም ይነገራል፣ ዛሬም ያከራክራል። ሊሆን ይችላል፤ ላይሆንም ይችላል። አንድ ሰው በወጣትነቱ ሲሞትና ምስክር ሲጠፋ፣ ወዳጆቹ የቀረውን በፍቅር ይሞሉታል። ይህ የሚያስነቅፍ ነገር አይደለም፤ ማስረጃ ግን አይደለም።

ካታሎኒያ 1995፦ ካሜራም ሰዓትም ያልተናገሩት

አሁን ወደ ዝነኛው የ1995 ፉክክር እንምጣ። ስኮትላንዳዊው ኮሊን ማክሬና ስፔናዊው ካርሎስ ሳይንዝ ሁለቱም ለሱባሩ ይነዱ ነበር። (ሳይንዝ የፎርሙላ ዋኑ ካርሎስ ሳይንዝ አባት ነው።) ማክሬ ደፋር ነው፤ መኪናውን አግድም እያንሸራተተ ይነዳል። ሳይንዝ ስሌት አዋቂ ነው፤ ዝርዝር የማያመልጠው። ደጋፊውም በዚያው ልክ ተከፈለ።

ከመጨረሻው በፊት ያለው ውድድር በስፔን ካታሎኒያ፣ በሳይንዝ አገር ነበር። ማክሬ ሲፈጥን የቡድኑ አለቆች «ቦታህን ለሳይንዝ ልቀቅ» አሉት። ማክሬ እምቢ ብሎ ቀድሞ ጨረሰ። በመጨረሻ ግን መቆጣጠሪያ ጣቢያው ላይ ሆን ብሎ ዘግይቶ ገባና የአንድ ደቂቃ ቅጣት ተቀበለ። ድሉ ለሳይንዝ ተመዘገበ። ዛሬ የውጤት ሰንጠረዡን ብቻ የሚያይ ሰው «ሳይንዝ አንደኛ፣ ማክሬ ሁለተኛ» ብሎ ያነባል። ሰንጠረዡ አልዋሸም። ሙሉውንም ግን አልተናገረም።

በዚያው ራሊ ሌላም ጉድ ወጣ። ደንቡ ወደ ቱርቦው የሚገባውን አየር በ34 ሚሊ ሜትር ቀለበት ይገድብ ነበር፤ አየር ሲቀንስ ኃይል ይቀንሳል። የቶዮታ ቡድን አየር በቀለበቱ ጎን ሾልኮ እንዲገባ የሚያደርግ፣ ለምርመራ ሲፈታ ደግሞ የማያስነቃ ብልሃት ሠርቶ ተገኘ። የዓመቱ ነጥቡ ተሰረዘ፤ ለ12 ወር ታገደ። እስኪ አስቡት፤ በቶዮታ መኪና ውስጥ የተቀረጸ ቪዲዮ ብታዩ ምን ታያላችሁ? ጎበዝ ሹፌር፣ ቀልጣፋ እጅ፣ ፈጣን መኪና። የተሰረቀው አየር አይታይም። እሱን ያገኘው መኪናውን የፈታ መካኒክ ነው።

ማክሬና ሳይንዝ እኩል 70 ነጥብ ይዘው ወደ መጨረሻው የብሪታንያ ውድድር ገቡ። ማክሬ አሸንፎ በ27 ዓመቱ ሻምፒዮን ሆነ። ሳይንዝ ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ1998፣ እዚያው ብሪታንያ ሌላ ዕድል አገኘ። ባላንጣው ቶሚ ማኪነን በመጀመሪያው ቀን ጎማው ተነቅሎ ከውድድሩ ወጥቷል፤ ሳይንዝ አራተኛ ሆኖ ቢጨርስ ዋንጫው የእሱ ነው። የመጨረሻው ስቴጅ መጨረሻ ጥቂት መቶ ሜትሮች ሲቀሩት የቶዮታው ሞተር ተሰብሮ ቆመ። ረዳቱ ሉዊስ ሞያ በንዴት የራስ ቁሩን ወርውሮ የኋላውን መስታወት ሰበረ።

ይህን ያሳየን የመኪና ውስጥ ካሜራ ሳይሆን በቦታው የነበረ የውጭ ካሜራ ነው። እዚህ ላይ ደጋፊዎች በሁለት ይከፈላሉ። አንዱ ወገን «እውነተኛው ራሊ ከውስጥ የሚታየው ብቻ ነው፤ ሙዚቃና ቆረጣ ሳይገባበት ስቴጁን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አሳዩን» ይላል። ሌላው ወገን «ከውስጥ መኪናው ሲዘል አይታይም፣ ሲንሸራተት አይታይም፣ የሰው ፊት አይታይም፤ ከውጭ አሳዩን» ይላል። ሁለቱም እውነት አላቸው። እያንዳንዱ ካሜራ የሚመልሰው ጥያቄ የተለያየ ነው።

ሌንስ ሲዋሽ

የውስጥ ቪዲዮ አይታችሁ «ይሄ ሰውዬ ቀስ ብሎ ነው የሚነዳው» ብላችሁ ታውቃላችሁ? ምክንያቱን ለመረዳት አውቶቡስ ውስጥ በመስኮት በኩል ተቀምጡ። መንገድ ዳር ያለው ባሕር ዛፍ ሽው ብሎ ያልፋል፤ ሩቅ ያለው ተራራ ግን አብሯችሁ የሚሄድ ይመስላል። አውቶቡሱ ያው ነው፣ ፍጥነቱም ያው ነው። ዓይን የሚለካው በሰዓት ስንት ኪሎ ሜትር እንደተሄደ ሳይሆን ነገሩ ከዓይን ፊት ምን ያህል ቶሎ እንደሚዞር ነው። ነገሩ ሲቀርብ ቶሎ ይዞራል።

ስለዚህ ዝቅ ብሎ መሬት አጠገብ የተገጠመ ካሜራ መኪናውን ፈጣን ያስመስለዋል፤ ጣሪያው ሥር ያለ ካሜራ ያው ፍጥነት ላይ ዝግ ያስመስለዋል። ሰፊ ማዕዘን ያለው ሌንስ መሃል ላይ ያለውን ኩርባ ያርቀዋል፣ ጠርዝ ላይ ያለውን ዛፍ ያስሮጠዋል። ጠባብ የጫካ መንገድ ከሰፊ ሜዳ ይልቅ ያስፈራል። የዘመኑ ምስል ማረጋጊያ ደግሞ ንዝረቱን ስለሚያጠፋው ኮረኮንቹ አስፋልት ይመስላል። ብዙ ደጋፊዎች በሹፌሩ ራስ ቁር አካባቢ የምትገጠመዋን ካሜራ የሚወዱት ለዚህ ነው፤ ትንቀጠቀጣለች፣ ግን ሹፌሩ ወደሚያየው ትቀርባለች።

የእጅ ነገርም ያታልላል። መሪውን ወዲያ ወዲህ የሚያሽከረክር ሹፌር ስናይ «ይሄ ነው ጀግና!» እንላለን። ከ2004 እስከ 2012 በተከታታይ ዘጠኝ ጊዜ ሻምፒዮን የሆነው ፈረንሳዊው ሴባስቲያን ሎብ ግን የሚታወቀው በጸጥታው ነው፤ እጁ ብዙም አይንቀሳቀስም። የተንሸራተተ ጎማ ጉልበት ያባክናል። ቪዲዮው ላይ አሰልቺ የሚመስለው አንዳንዴ ፈጣኑ ነው።

ሁለት መኪና በአንድ ስክሪን

በ2018 የዓለም የራሊ ሻምፒዮና ሁሉንም ስቴጆች በቀጥታ ማስተላለፍ ጀመረ። የተራራውና የጫካው ችግር የተፈታው ከፍ ብሎ በሚዞር አውሮፕላን ነው፤ ከመኪኖቹ የሚመጣውን ምስል ከላይ ይቀበልና ያስተላልፈዋል። የ1979ኙ የሄሊኮፕተር ሐሳብ አድጎ መጣ ማለት ነው።

ከዚህ ጋር አንድ ትልቅ ነገር ተቻለ። የሁለት ባላንጣዎችን ቪዲዮ ከአንድ መነሻ ቅጽበት ጀምሮ በአንድ ስክሪን ላይ ጎን ለጎን ማጫወት ይቻላል። በደቂቃዎች ልዩነት የተነሱት፣ መንገድ ላይ ተገናኝተው የማያውቁት ሁለት ሰዎች፣ እንደ ኃይሌና ቴርጋት ትከሻ ለትከሻ ሆኑ። ማን ቀድሞ ፍሬን ያዘ? ማን ማርሽ ቀየረ? በየትኛው ኩርባ ላይ ግማሽ ሰከንድ ጠፋ? አሁን ይታያል።

ይህ ለምን እንደሚያስፈልግ ቁጥር ይነግራችኋል። በ2011 በዮርዳኖስ ራሊ ሴባስቲያን ኦዢዬ ያሪ-ማቲ ላትቫላን የበለጠው በ0.2 ሰከንድ ብቻ ነው። በ2024 በሰርዲኒያ ደግሞ ያው ኦዢዬ በኦት ታናክ በዚያው 0.2 ሰከንድ ተበለጠ። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በ0.2 ሰከንድ 5.6 ሜትር ገደማ ይሄዳል፤ ከአንድ መኪና ርዝመት ትንሽ ይበልጣል። ከብዙ ቀንና ከመቶዎች ኪሎ ሜትር በኋላ ይህቺው ናት ልዩነቷ።

ይሁንና አደራ፣ እዚህም ወጥመድ አለ። ጎን ለጎን የምታዩት መንገድ አንድ ይመስላል እንጂ አንድ አይደለም። በጠጠር መንገድ ላይ ቀድሞ የሚወጣው መኪና ልል ጠጠሩን በጎማው እየጠረገ ለኋለኞቹ ያጸዳላቸዋል፤ እሱ ይንሸራተታል፣ እነሱ መሬት ይነክሳሉ። በደንቡ መሠረት በመጀመሪያው ቀን ቀድሞ የሚወጣው የሻምፒዮናው መሪ ነው። አንዳንዴ ደግሞ ይገለበጣል። በኬንያ ሳፋሪ፣ በናይቫሻ አካባቢ እንደ ዱቄት የላመ አሸዋ አለ፤ እዚያ የፊተኞቹ ያርሱትና የኋለኞቹ በጥልቅ ቦይ ውስጥ ይጨነቃሉ። ያው ኩርባ፣ ያው ቀን፤ መሬቱ ግን ሌላ ነው። ስክሪኑ ይህን አይነግራችሁም፤ የመነሻ ተራውን ራሳችሁ መፈለግ አለባችሁ።

እንግዲህ እንዴት እንይ?

የታሪክ ተመራማሪ አንድ ሰነድ ሲያገኝ «እውነት ነው ወይስ ውሸት?» ብሎ ብቻ አይጠይቅም። «ይህ ሰነድ ምን ለማየት ይችል ነበር? ምንስ ሊያይ አይችልም ነበር?» ይላል። የጄንኪንሰን ጽሑፍ የሞስን መኪና አየ፣ የሌላውን አላየም። የ1973ቱ የሳፋሪ ነጥብ መዝገብ እኩልነትን አየ፣ መንገዱን አላየም። የሮርል ፊልም እግሩን አየ። የካታሎኒያ ሰንጠረዥ የቡድኑን ትእዛዝ አላየም፤ ካሜራው የቶዮታን ቀለበት አላየም። በኮርሲካ ማንም ምንም አላየም፤ ስለዚህ ዛሬም አናውቅም፤ አናውቅም ማለትም ትክክለኛ መልስ ነው።

በሚቀጥለው ጊዜ ከጓደኛችሁ ጋር «ማክሬ ይበልጣል፣ ሳይንዝ ይበልጣል» ወይም ስለ ሌላ ባላንጣ ስትከራከሩ ሦስት ነገር ጠይቁ። ካሜራው የት ነው የተገጠመው? ማን ቀድሞ ወጣ? ከስክሪኑ ውጭ ምን ትእዛዝ፣ ምን ቀለበት፣ ምን ዝናብ ነበር? ከዚያ አንድ ስቴጅ መርጣችሁ ሦስት ጊዜ እዩት፤ አንዴ ከውስጥ፣ አንዴ ከውጭ፣ አንዴ ደግሞ ቪዲዮውን ዘግታችሁ የሰዓት ሰንጠረዡን ብቻ። ሦስቱ ካልተስማሙ አትናደዱ። ሥራው የሚጀምረው እዚያ ነው።